የባሌ የፊልም ሚስት

ባሌን ያገባሁት ከሰሜኑ የድንበር ጦርነት በተመለሰ በዓመቱ ነው። እኔ የወታደር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከወሎ መጥቶ ነገሌ ጦር ሰፈር ሲያገለግል ኖሮ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ባሌ ግን የአገሩ ልጅ ነው፣ የሊበን ጉጂ። ሽማግሌ የላከ ዕለት አባቴ ለብቻዬ ጠርቶ «ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ዝም ይላል። ዝምታውን የምትችዪው ከሆነ አግቢው፤ ካልሆነ ዛሬውኑ ተናገሪ» አለኝ። እችለዋለሁ አልኩት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የቻልኩት መስሎኝ ነበር።

በዋናው መንገድ ዳር አንድ ቤት ለሁለት ከፍለን እንሠራለን። በአንዱ በኩል የእሱ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል፣ ንፋስ ይሞላል። በሌላው በኩል በረንዳው ላይ የእኔ የስፌት መኪና አለ። ቀና ካልኩ አየዋለሁ። ስለ ጎማ ያወራል፣ ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ያወራል። ስለ ጦርነቱ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። በተጋባን ሰሞን እየጠየቅኩ አስቸግሬው ነበር። «እስቲ ንገረኝ፣ እዚያ ምን አየህ?» ስለው ተነስቶ ይወጣል፤ ሲመለስ ሌላ ወሬ ይዞ ይመጣል። በኋላ ተውኩት።

አንድ የማይገባኝ ጠባይ ነበረው። ከጎሚስታው ፊት ለፊት ሰማያዊ በርሜል አስቀምጦ በየማለዳው ውኃ ያስሞላበታል። ጣሳ በሰንሰለት ታስሮበታል፤ አላፊ አግዳሚው፣ የጭነት መኪና ረዳቱ፣ ግመል ነጂው ሁሉ ከዚያ ይጠጣል። ድርቅ በጠናበት ዓመት፣ ውኃ በቦቴ እየመጣ ሲከፋፈል እንኳ በርሜሉን አላነሳውም። ቤት ውስጥ ደግሞ ብርጭቆ ላይ የተረፈ ውኃ ማየት አይወድም። «ወይ ጠጪው፣ ወይ ለሰው ስጪው» ይለኛል። ቆላ ያደገ ሰው የውኃን ነገር ያውቃል ብዬ አልፌዋለሁ።

ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት አገሩ ባልረጋበት ሰሞን ነው። ከተማው ውስጥ ገበያ ይቆማል፣ ባጃጅ ይሮጣል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ወጣ ሲባል ግን ታጣቂ አለ፣ ኬላ አለ፣ አንዳንድ ቀን መንገድ ይዘጋል። ሰው ጠዋት ሲገናኝ «አካም ቡልቴ?» ብሎ እንዴት አደርክ ካለ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አምስት ሰዎች በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ከአዲስ አበባ የጦርነት ፊልም እንሠራለን ብለው መጡ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሰምቶ «እኛ በነፃ እያየነው!» ብሎ ሳቀ።

ዳይሬክተሩ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ቀጭን ልጅ ነው። የሰሜኑን የጦር ሜዳ የሚመስል ደረቅ አገር ሲፈልግ፣ ወደ ሰሜን መሄድ ስላልተቻለ ወደ ደቡብ ወረደ። ያለው አንድ ካሜራ፣ አንድ ካሜራማን፣ አንዲት ተዋናይት፣ ሁለት ረዳት ነው። ወታደር ሆነው የሚተውኑት የእኛው ከተማ ተማሪዎች ናቸው። ጠመንጃው አናጢ ጠርቦ ጥቁር ቀለም የቀባው እንጨት ነው፤ የተኩሱ ድምፅ በኋላ በኮምፒውተር ይገባል ተባለ። አስተዳደሩ ፈቃዱን ሲሰጥ፣ ልብሱ አሁን ወታደር የሚለብሰውን እንዳይመስል፣ ከከተማ እንዳይርቁ፣ ወጣ ሲሉም ታጣቂ ሚሊሻ አብሯቸው እንዲሄድ አዘዘ። ልብሱን እንድሰፋ እኔ ተጠራሁ። ካኪ ጨርቅ ገዝቼ አሮጌ እንዲመስል በሻይ ቅጠል ነከርኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ ከዩኒፎርምና ከጉርድ ቀሚስ የተለየ ነገር ስፊ ተብዬ አላውቅም።

ባሌን ያገኙት በጎማ ነው። ሚኒባሷ ጎማዋ ተበስቶ እሱ ጋ ቆማለች፤ ሁለት ተማሪዎች የእንጨት ጠመንጃቸውን ይዘው ከመኪናው ጎን አሯሯጥ ይለማመዳሉ። ባሌ አንዴ አያቸው፣ ሁለቴ አያቸው። በሦስተኛው ክሪኩን ጥሎ ተነሳና ከአንደኛው እጅ ነጠቀው።

«እንዲህ ይዘህ ብትሮጥ የምትመታው ከፊትህ ያለውን ጓደኛህን ነው። አፈሙዙን ወደ መሬት። ጣትህን ከዚህ አውጣ።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አምስት እርምጃ ያህል ሮጦ አሳያቸው። እኔ ከስፌቴ ቀና ብዬ አየሁ። የሮጠው አብሬው የኖርኩት ሰውዬ አይደለም። ወገቡ የሚያመው፣ ደረጃ ሲወጣ «ኡፍ» የሚለው ሰውዬ አይደለም።

ዳይሬክተሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጋሼ፣ የት ነው የተዋጉት?» አለው።

«የትም» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ከአራት ቀን በኋላ ዋናውን ወታደር ሊተውን የነበረው የአዲስ አበባ ሰው የመንገዱን ወሬ ሰምቶ እናቴ ታማለች ብሎ ቀረ። ዳይሬክተሩ መጥቶ ባሌ አጠገብ ከተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠና ይለምነው ጀመር። እምቢ እንደሚል በልቤ ተማምኜ ሥራዬን እሠራለሁ። ይኼ ሰው የልጁ የአፀደ ሕፃናት ምርቃት ላይ ንግግር አድርግ ሲባል ሽንት ቤት የተደበቀ ሰው ነው።

«እኔ ቃል መያዝ አልችልም» አለ ባሌ።

«ቃሉን መሸምደድ የለብዎትም። በራስዎ አነጋገር ይበሉት።»

ባሌ ጎማውን አገላብጦ አየ። ከዚያ «ስንት ቀን ነው?» አለ።

እኔን አልጠየቀኝም። ለቅሶ ቤት የሚለብሰውን ሸሚዝ እንኳ «የቱን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ፊልሙ ውስጥ ሚስቱ የምትሆነው ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጅ ናት። ነርስ ሆና ባሏን ተከትላ የዘመተች ሚስት። ዕድሜዋ የእኔን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ብጠላት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የምትጠላ ልጅ አይደለችም። የያዙት ሆቴል ውኃ ስለሌለው እኛ ቤት እየመጣች ትታጠባለች። ታጥባ ስትወጣ ዝም ብላ አትሄድም፤ ከጎኔ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክልልኛለች። «እትዬ፣ እጅዎ እንዴት ይፈጥናል!» ትለኛለች። ልጆቼ ይወዷታል። ባሌን «ጋሼ» ትለዋለች፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ።

ልምምድ ሲጀምሩ ግን «ጋሼ» ቀረ። ጎሚስታው ደጃፍ ላይ በርጩማ ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ከእኔ መኪና ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። ወረቀቷን ትይዝና «ውዴ፣ ስትመለስ እዚሁ በር ላይ ታገኘኛለህ» ትለዋለች። ውዴ! በአሥራ ስምንት ዓመት እኔ ውዴ ብዬው አላውቅም። እኛ ቤት «አንተ» ነው፤ ሲበዛ «የልጆቼ አባት»። እሱም «ሃዳ ኢጆሌ ኮ» ይለኛል፤ የልጆቼ እናት ማለቱ ነው። ድምፃቸውን ላለመስማት የመኪናዬን እግር አፈጥናለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ምን እንዳሉ ለመስማት ቀስ አደርገዋለሁ። በዚያ ሰሞን የሰፋሁት ልብስ ስፌቱ ሁሉ አንዱ ጋ ጥብቅ፣ አንዱ ጋ ልል ነበር።

ባለሱቁ ደግሞ አያስቀምጠኝም። «ባልሽ ሁለተኛ አገባ አሉ! በእኛ በሙስሊሞቹ እንኳ የመጀመሪያዋ ትጠየቃለች» ይለኛል። እስቃለሁ። ስስቅ ጥርሴ ብቻ ነበር የሚስቀው።

አንድ ቀን ፋሻ በቀይ ቀለም ነክሬ እንዳመጣ ተነገረኝና ወደሚቀርጹበት ሜዳ በባጃጅ ሄድኩ። ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ ግራርና ሰው የሚያህል ኩይሳ የበዛበት ሜዳ ነው። ከጭነት መኪና ሸራ የሕክምና ድንኳን ሠርተዋል። ሚሊሻው ግራር ሥር ተቀምጧል፤ ዕድሜው የገፋ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። እውነተኛውን ክላሽ ጭኑ ላይ አጋድሞ የእንጨት ጠመንጃ በያዙት ተማሪዎች ይስቃል። እኔም ከእሱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

የሚቀረጸው ወታደሩ ቆስሎ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ነው። ሚስቱ እጁን እያጠበች «ጓደኛህስ?» ትለዋለች፤ እሱ «ላድነው አልቻልኩም» ይላል፤ ታቅፈዋለች። ያ ነው። ልምምዱን ከሰባት እርምጃ ስሰማ ስለከረምኩ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ።

ልጅቷ እጁን ይዛ «ጓደኛህስ?» አለችው።

ባሌ የተያዘ እጁን ያያል። የረሳው መሰለኝ። ካሜራማኑ ወደ ዳይሬክተሩ አየ፣ ዳይሬክተሩ ቀጥል ብሎ በእጁ አሳየው።

«ውኃ ስጠኝ አለኝ» አለ ባሌ። ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። «ኮዳዬ ውስጥ ግማሽ ነበረኝ። የለኝም አልኩት። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እኔ ከወደቅኩ እሱንም የሚያወጣው የለም ብዬ አሰብኩ። የለኝም አልኩት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ውኃው ኮዳው ውስጥ እንዳለ ነው።» እጁን ከልጅቷ እጅ ሊያወጣ ሞከረ፤ አልለቀቀችውም። «ጠጣሁት። ምን ላድርገው? ጠጣሁት።»

ልጅቷ ቃሏን ሁሉ ረሳች። አለቀሰች፣ ራሱን ስባ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ባሌ ተንሰቀሰቀ። አባቱ ሲሞት ያላለቀሰ ሰው፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ዳይሬክተሩ «ይቁም» ማለት አቅቶት አፉን በመዳፉ ያዘ። ከጎኔ ያለው ሚሊሻ ሳቁን ትቶ ወደ መሬት ያያል።

በርሜሉ፣ ጣሳው፣ የብርጭቆው ትርፍ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። በዚያች ሰዓት ልቤ ሊያዝንለት ይገባ ነበር። አላዘንኩለትም። ቀናሁ። እንዲህ ያለ ቅናት ከዚያ በፊት አላውቅም። ገላዋን ቢመኝ ይሻለኝ ነበር፤ ወንድ ነው፣ ያልፍለታል እል ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ደጅ ስጠናው የኖርኩትን ነገር ግን ለአሥራ ሁለት ቀን እንግዳ ሰጣት። ያ ዕንባ የእኔ ነበር። ያ ትከሻ የእኔ መሆን ነበረበት። ፋሻዬን ለረዳቱ ሰጥቼ ለማንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እሱም ሲመጣ ምንም አላለኝ። እዚያ እንደነበርኩ አላየም። ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

በማግስቱ መናኸሪያ ውስጥ የመሰነባበቻው ትዕይንት ሊቀረጽ ነው። ወታደሩ ሊዘምት ሲል ሚስቱን የሚሰናበትበት፣ «ውዴ፣ በር ላይ ታገኘኛለህ» የምትልበት። ለዚያ ቀን ብቻ የሚለበስ ንጹሕ የወታደር ኮት ሰፍቼለታለሁ፤ ሌላ ቅያሪ የለውም። ጠዋት ልተኩሰው የከሰል ካውያዬን አጋልኩ። እጅጌውን ተኮስኩ፣ ኮሌታውን ተኮስኩ። ከዚያ ካውያውን ደረቱ ላይ አሳርፌ እጄን አነሳሁ። ጨርቁ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ጢስ አወጣ። ቆሜ አየሁት። ካውያውን ያነሳሁት ጠረጴዛው መሽተት ሲጀምር ነው።

«ሳላየው ነው» አልኳቸው። ዳይሬክተሩ ሊያለቅስ ደረሰ። ልጅቷ «አይዞዎት እትዬ፣ ይኼ ማንም ላይ ይደርሳል» ብላ ጀርባዬን አሻሸችኝ። ሌላ ለመስፋት አንድ ቀን እንደሚፈጅብኝ ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ቀኑ ባክኖ እንዳይቀር መናኸሪያውን ለነገ አስተላለፈና ተማሪዎቹንና ልጅቷን ይዞ ባሌ የማይገባበትን የውጊያ ትዕይንት ሊቀርጽ ወደ ሜዳው ወጣ። ሚሊሻውም አብሯቸው ሄደ። ባሌ ጎሚስታው ቀረ። ሰባት እርምጃ ርቆ፣ ለብቻው፣ የእኔ ሆኖ። አዲሱን ኮት እየቆረጥኩ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ተኩስ ሰማን። ድምፁ የሚመጣው ከሜዳው በኩል ነው።

«ፊልሞቹ ናቸው» አለ ባለሱቁ።

ባሌ የያዘውን ጎማ ለቀቀው። «እንጨት አይጮኽም» አለ።

ጎማዋን ለጥፎላት ልትወጣ የነበረች አይሱዙ ነበረች። ለሾፌሩ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል ነገረውና ዘሎ ገባ። እኔ እየተጣራሁ ተከተልኩ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። መኪናዋ አቧራ ለቃብን ሄደች።

መቀሴን እንደያዝኩ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ኮቱ ባይቃጠል ኖሮ ሁሉም መናኸሪያ ነበሩ፤ ሰው መሃል፣ ፖሊስ አጠገብ። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ውዴ እያለችው ነበር። የእንጨት ጠመንጃ የያዙ የሰው ልጆችን እዚያ ሜዳ የላክኋቸው እኔ ነኝ፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው እንጨት ነው ብሎ አይለይም። የአንደኛዋ ተማሪ እናት ነጠላዋን ሳታጣፋ እየሮጠች መጥታ «ልጄ ከእነሱ ጋር ናት? ከእነሱ ጋር ናት ወይ?» አለችኝ። «አዎ» ከማለት ሌላ ምን እላታለሁ? አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ። እጄን ባትይዘኝ በወደድኩ።

አይሱዙዋ የተመለሰችው ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ከላይ የቆሙትን ተማሪዎች ነው፤ ፊታቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል። ቆጠርኳቸው። ሁሉም አሉ፤ ፊልም ሠሪዎቹም ጭምር። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የሚሊሻውን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። እሱ ትከሻው ተመትቷል፤ የታሰረበት እኔ በቀይ ቀለም የነከርኩት ፋሻ ነው፣ የትኛው ቀለም የትኛው ደም እንደሆነ አይለይም። ባሌ ሸሚዙ እስከ ወገቡ በደም ርሷል። ጮህኩ። «የእኔ አይደለም» አለኝ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ማንም አላወቀም። ባሌ በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቹ «እውነተኛ ተኩስ ከሰማችሁ እንጨቱን ወርውሩ፣ ተኙ፣ ባዶ እጃችሁን አሳዩ» ብሏቸው ነበር። እንዳላቸው አደረጉ። እውነተኛ መሣሪያ የያዘው ሚሊሻው ብቻ ስለነበር የተመታውም እሱ ብቻ ነው። መኪና የማይገባበት ቦታ ወድቆ ስለነበር ባሌ እስከ መንገዱ ድረስ በጀርባው ተሸክሞ አወጣው። በመንገድ ላይ ሰውየው «ቢሻን» እያለ ውኃ ሲለምን ባሌ በየጥቂቱ እየቆመ ያጠጣው እንደነበር የነገረችኝ ልጅቷ ናት። እሷ ነበረች ያየችው፤ እኔ አይደለሁም።

በማግስቱ በአጀብ የሚወጡ መኪኖች ነበሩና ልጅቷ ከሁለቱ ረዳቶች ጋር በእነሱ ሄደች። ወላጆቿ በስልክ እያለቀሱ ነው፤ ማንም ቅሪ ሊላት አልቻለም። ልትሳፈር ስትል አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ «እትዬ፣ ጋሼን አደራ» አለችኝ። የገዛ ባሌን ለእኔ አደራ! ከዚያ ሁሉ መዓት በኋላ፣ በሕይወት በመትረፏ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ፣ ደሜ እንደገና ፈላ።

ዳይሬክተሩና ካሜራማኑ ቀሩ። መሰነባበቻው ካልተቀረጸ ፊልሙ ፊልም አይሆንም አለ ዳይሬክተሩ። በማዶ ሆኖ ደጋግሞ አየኝና መጣ።

«እትዬ፣ ከጀርባ ብቻ ነው። ፊትዎ አይታይም። ቁመትዎ ከእሷ ጋር አንድ ነው፤ ቀሚሱንም ትታልናለች።»

«እኔ ተዋናይ ነኝ?»

«ከጀርባ ብቻ» አለ እንደገና።

ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የእሷን ወገብ የለካሁትም እኔ ነኝ። ለእኔ እንዲሆን በሁለቱም ጎን ስፌቱን ፈትቼ የታጠፈውን ሁሉ አውጥቼ ለቀቅኩት፣ አልበቃም። ከኋላ ይታያል፣ ስለዚህ ከፊት ቆርጬ ሌላ ጨርቅ አስገባሁበት። አንዲት ሴት የባሏን ሌላ ሚስት ልብስ በገዛ እጇ እያሰፋች መልበሷን እግዜር ይይላት።

መናኸሪያው በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ስለነበር የቀረጹት እኛው ቤት በር ላይ ነው። ባሌ አዲሱን ኮት ለብሶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ካሜራው ከትከሻዬ በስተኋላ ነው። «እርስዎ ምንም አይናገሩ፣ ድምፁን እሷ አዲስ አበባ ትሞላዋለች» ተባልኩ። «ቀጥሉ» አለ ዳይሬክተሩ።

ባሌ ማለት የነበረበትን ማለት አቃተው። ከፊቱ የቆምኩት እኔ ነኛ! አየኝ። እኔም ፊቴ እንደማይታይ ሳስብ አንዳች ድፍረት መጣብኝ።

«ኮቱን ያቃጠልኩት ሆን ብዬ ነው» አልኩት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት አወቅክ?»

«አንቺ ካውያ ከያዝሽ ስንት ዓመትሽ ነው? ሳታዪ ጨርቅ አታቃጥዪም።»

«ያንን ለእሷ ነገርካት። ውኃውን። ለእኔ ሳትነግረኝ ለእሷ።»

መሳቅም ማልቀስም ያማረው ፊት ነበር። እጁን አንስቶ ጉንጬ ላይ አደረገ፤ ይኼም ወረቀቱ ላይ የለም። «ሃዳ ኢጆሌ ኮ» አለኝ። ዳይሬክተሩ ከኋላዬ «አገኘነው! አገኘነው!» እያለ ጮኸ።

እነሱ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ደረጃው ላይ አጠገብ ላጠገብ ተቀመጥን። «መልስልኝ እንጂ» አልኩት።

የኮቱን ቁልፍ እየፈታ መለሰልኝ። «እሷ ትሄዳለች። ሰምታ ትሄዳለች። አንቺ ግን ከእኔ ጋር ነሽ። ብነግርሽ ነገ ምሳ ስታቀርቢልኝ፣ ውኃ ስትቀጂልኝ፣ በዚያ ዓይን ታዪኛለሽ። እኔ ደግሞ በዚያ ዓይን ስታዪኝ መኖር አልችልም ብዬ ነው።»

«በየትኛው ዓይን?»

«አሁን እያየሽኝ ባለው» አለ።

ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። እውነት እንደተናገረ አውቃለሁ፤ ግን ቅናቴ እውነት ስለሰማ አልሞተም። እንኳን ነገርካት ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩትም።

ሚሊሻው ከሆስፒታል ወጣ፤ ክንዱ ግን ከትከሻ በላይ አይነሳም። ሸሚዙን ብብቱ ሰፋ አድርጌ እሰፋለታለሁ። አንድ ቀን ጥፋቴን ልነግረው ወስኜ ነገርኩት። አዳምጦ ሲጨርስ ሳቀና «ኢንተላ ኮ፣ ጥይት በካውያ አይታዘዝም» አለኝ። ልጄ ብሎ ነው የጠራኝ። ይቅር እንዳለኝ ቆጠርኩት።

ፊልሙ በዓመቱ ደረሰና በከተማው አዳራሽ ታየ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የውኃው ታሪክ ሲመጣ ሰዉ አለቀሰ፤ ባሌ ትዕይንቱ ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ ደጅ ቆሟል። ከዚያ መሰነባበቻው መጣ። የቤታችን በር፣ የእኔ ጀርባ፣ የእሱ ፊት። ከአፌ የሚወጣው ግን የልጅቷ ድምፅ ነው፤ «ውዴ፣ ስትመለስ እዚሁ በር ላይ ታገኘኛለህ» ይላል። እሱ እጁን ጉንጬ ላይ ሲያደርግ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት «አቤት እንዴት እንደሚወዳት!» አለች። «ጀርባዋ እንኳ ሲያምር!» አለች ሌላዋ። እኔ ነኝ ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ማን ያምነኛል?

ይባስ ብሎ አንድ ቀን ስፌቴ ላይ ሆኜ ሬዲዮ ስሰማ ልጅቷ ስለ ፊልሙ ትጠየቃለች። ከሁሉ የከበዳት ትዕይንት የቱ እንደሆነ ጋዜጠኛው ሲጠይቃት «መሰነባበቻው» አለች። «ፊቱን ሳየው ራሴን መቆጣጠር አልቻልኩም ነበር» አለች። ያን ፊት አላየችውም! በዚያ ሰዓት ሻሸመኔን አልፋ ነበር። ሬዲዮውን ዘግቼ ባሌን ጠራሁትና እየጮህኩ ነገርኩት። እሱ የሚለጥፈውን ጎማ እንደያዘ ሰማኝና «ታዲያ ምን ትበል? የሰውዬው ሚስት ናት ትበል?» አለኝ። «አዎ! ትበል!» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ብቻችንን መንገድ ስንሄድ፣ ሳልጠይቀው አንድ ነገር ይነግረኛል። ጓደኛው ከየት አገር እንደሆነ፣ ምን ዘፈን ይወድ እንደነበር። ትንሽ ትንሽ ነው። በምን ዓይን እንደማየው እንዳያይብኝ ፊት ፊቱን እየሄድኩ አዳምጠዋለሁ።

ልጅቷ በበዓል በበዓሉ ትደውላለች። «እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎ! ልጆቹ እንዴት ናቸው? ጋሼስ?» ትላለች። ስልኩን እሰጠዋለሁ። ድምፁን ከፍ እንዲያደርገው በእጄ ምልክት አሳየዋለሁ፤ ያደርገዋል። አውርተው እስኪጨርሱ ከአጠገቡ አልንቀሳቀስም።